ጉልበቴ ላይ የነበረው መዝገብ

በሰው ቤት በልቼ ያፈርኩበት ቀን አንድ ብቻ ነው። ምግቡ ምንም አልጎደለውም፤ በግ ታርዷል፣ ጠላው ጠርቷል፣ ዳቦው ለስልሷል። ያስጠላኝ የራሴ አፍ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩት ግን አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ገና ጎረምሳ፣ የዳባት ልጅ፣ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ደባርቅ በነበረ አንድ የመንገድ ጥገና ካምፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራችን ሊማሊሞን ተጠማዝዞ የሚወርደውን መንገድ ክፍት ማድረግ ነው። ያን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ተራራ፣ በሌላ በኩል ታቹ የማይታይ ገደል። ክረምት ሲገባ ተራራው ይለቅና መንገዱ ላይ ይተኛል። እኛ በዶማና በአካፋ እናነሣዋለን። በማግሥቱ ሌላ ይወርዳል።

የሠራተኛ ማኅበር ነበረን። ስለ ማኅበሩ ክፉ ክፉውን ብቻ ባወራ ግፍ ይሆንብኛል። ማኅበሩ ከመጠናከሩ በፊት ካቦው ንጉሥ ነበር። ፊትህ ካላማረው "ነገ እንዳትመጣ" ይልሃል፤ በቃ፣ አትመጣም። ድንጋይ እግሩን የሰበረው ሰው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ዘመዶቹ ይሸኛል፤ ድኖ ሲመለስ በቦታው ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል። ሐምሌና ነሐሴን በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ የሠራ ሰው ቦት ጫማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቦት ጫማውን ያመጣልን ማኅበሩ ነው። የዝናብ ልብሱንም። የታመመ ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ እንዲተኛ ያደረገው፣ ካቦው ሰው ማባረር ሲያምረው ኮሚቴ ፊት ቆሞ ምክንያቱን እንዲናገር ያስገደደው እሱ ነው።

እኔን ራሴን ያተረፈኝ ማኅበሩ ነው። እናቴ ሞታ ዳባት ሦስት ቀን ብቀር ካቦው ሊያባርረኝ ተነሣ። በስብሰባው ላይ ስለ እኔ የቆሙት አያ አለባቸው ናቸው፤ የጃናሞራ ሰው፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ።

"እናቱን ቀብሮ የመጣ ልጅ ይባረራል? እናት ሳትወልደው የመጣ ካቦ ካለ እሱ ይንገረን!" ብለው አዳራሹን አሳቁት። ካቦው ራሱ ሳቀ፤ ነገሩም በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ከኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አያ አለባቸው ናዳ ጠባቂ ነበሩ። ሥራቸው አካፋ ሳይዙ፣ ቀና ብለው ተራራውን ማየት ነው። የሚቆፍር ሰው አጎንብሶ ስለሚውል ከላይ የሚመጣበትን አያይም፤ እሳቸው ያዩለታል። ጠጠር ዘርዘር ማለት ሲጀምር፣ ከድንጋዩ ሥር የሚፈልቀው ውኃ ጠርቶ ቆይቶ ድንገት ሲደፈርስ፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ፊሽካ ይነፋሉ፤ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ካቦው ግን ሥራ ፈት አድርጎ ነው የሚያያቸው። "ደመወዝ ተከፍሎት ሰማይ የሚያይ" ይላቸው ነበር። አንድ ክረምት ሥራ ቸኩሎብኛል ብሎ አካፋ አስያዛቸውና በዚያው ቀን ናዳ ሁለት ሰው በላ።

ከዚያ በኋላ ነው ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሐሳብ ያቀረቡት። ማኅበሩ ከአለቆች ጋር ተሟግቶ አስጸደቀው፤ በቃለ ጉባኤ መዝገባችን ላይም በእኔ እጅ ተጻፈ። "ናዳ ጠባቂ አካፋ አይነካም። ፊሽካ ሲነፋ ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ያቆማል። ፊሽካ የነፋ ጠባቂ ስለ መንፋቱ አይጠየቅም።" ከሥሩ ሊቀመንበሩ ፈረመ፣ እኔ ፈረምኩ፤ አያ አለባቸው ፊደል አልቆጠሩምና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩትም በእሳቸው ጥቆማ ነው። ያን ዕለት ትከሻዬን ይዘው፦

"እንግዲህ አዳነ ልጄ፣ እኔ ተራራውን አይልሃለሁ፤ አንተ መዝገቡን ታይልኛለህ" አሉኝ።

"እሺ አያ" አልኳቸው። ምን ይከብዳል፣ አልኩ በልቤ።

ከሠራተኛው ማኅበር ሌላ የሚካኤል ጽዋም ነበረን። ከካምፑ ሰዎች አሥራ ሁለታችን በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ እየደገስን እንጠጣለን። የጽዋን ደንብ ታውቁታላችሁ፤ ማኅበርተኛ አይቀርም፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ ይቀበራል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ከመተላለፉ በፊት ቄሱ የተቀያየመ እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ቂም ያለበት ሳይታረቅ ጽዋውን አይነካም።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽፈራውም የጽዋችን አባል ነበር። የግሬደር ኦፕሬተር ነው፤ ደፋር፣ አንደበቱ የቀና። ለቦት ጫማው ጎንደር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እኔ አውቃለሁ፤ አበልም አልነበረው። በኋላ ግን ለፖለቲካ ትምህርት ተልኮ ሦስት ወር ቆይቶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሲቀመጥም ሲነሣም ጓድ፣ ጓድ ነው። በሚካኤል ቀን ግን ጋቢውን ተከናንቦ በጓሮ በኩል ይገባል እንጂ አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም። በግ ይወዳል።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሰኞ ቀን ነው።

ከላይ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ሊማሊሞን ወርደው ወደ አዲ አርቃይ ሊያልፉ ነው ተባለ። መንገዱ ላይ የቅዳሜ ናዳ ተኝቷል። ሽፈራው አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ሠራተኛው በአብዮታዊ ተነሣሽነት እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ይጠርገዋል" ብሎ ቃል ገብቷል። ሠራተኛው እኛ ነን፤ ማንም አልጠየቀንም። ከአለቃ ጋር ይከራከርልን የነበረው ማኅበር፣ ያን ቀን ለአለቃ የሚምልልን ሆነ።

አካፋና ዶማ የማወርደው እኔ ስለሆንኩ አብሬያቸው ነበርኩ። ሠላሳ ያህል ሰው ነን። ሽፈራው ራሱ መሣሪያ እያከፋፈለ አያ አለባቸው ዘንድ ደረሰና አካፋ ዘረጋላቸው።

"ዛሬስ ሁላችንም እንያዝ፣ አያ። የሠራተኛው ክብር ነው።"

"የእኔ አካፋ ይቺው ናት" አሉና ፊሽካዋን አሳዩት።

"ለአንድ ቀን እኮ ነው።"

"ተራራውን 'ለአንድ ቀን እኮ ነው' ብትለው ይሰማሃል፣ ሽፈራው?"

ሰው ሳቀ። ሽፈራው አልሳቀም።

ረፋዱ ላይ ፊሽካው ተነፋ። ሁሉን ጥለን ሮጥን፤ ከመታጠፊያው ወዲህ ሆነን ቀና ብለን አየን። ጠጠር እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ጣት የምታህል፣ እንቁላል የምታህል። ሌላ ነገር የለም። አያ አለባቸው ዐይናቸውን ከላይ ሳይነቅሉ፦

"ውኃው ደፍርሷል። ከውስጥ እየተነቀለ ነው። ማንም እንዳይጠጋ" አሉ።

ጠበቅን። ጠጠሩም ቆመ። ሽፈራው ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል።

"አያ፣ ቆሟል እኮ!"

"ሲቆም ነው የሚያስፈራው።"

እኩለ ቀን ላይ ላንድሮቨሮቹ መጡ። ካኪ የለበሰ ሰው ወረደና መንገዱ ላይ የተኛውን አፈር አየ፤ ቀጥሎ እጁን አጣጥፎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ሠላሳ ሰው አየ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ፊሽካ ተነፍቶ ነው፣ ጓድ" አለ ሽፈራው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"ማነው የነፋው?"

ሽፈራው በአገጩ አሳየው። ሰውየው አያ አለባቸውን አንድ ጊዜ አያቸውና መኪናው ውስጥ ገባ፤ መኪኖቹ ዞረው ወደ ደባርቅ ተመለሱ። ተራራው እስከ ማታ ድረስ አልወረደም። በሕይወቴ ናዳ እንዲወርድ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሽፈራው ግምጃ ቤት ድረስ መጣ። በሩን ገርበብ አደረገና የጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ።

"ከሰዓት ስብሰባ አለ። መዝገቡን ይዘህ ና። እኔ ሳልጠይቅህ ግን አንዳች እንዳታነብ።"

"አያ አለባቸውን ምን ልታደርጓቸው ነው?"

"እኔ መሰልኩህ የማደርገው? አሻጥር ነው ብለዋል። 'ወይ ማኅበራችሁ ራሱን ያጥራ፣ ወይ እኛ ማኅበሩን እናጥራው' ነው ያሉኝ። ማኅበሩ ከፈረሰ ቦት ጫማውንም የሕመም ፈቃዱንም ደህና ሰንብት በለው። ካቦው ይመለስልሃል። አንድ ሰው ለሠላሳ ሰው ነው፣ አዳነ።"

"ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው።"

"አውቃለሁ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝቅ ብሎ "አንተንስ እናትህን በሰላም ያስቀበረህ ማን ሆነና?" አለኝና ወጣ።

ማኅበሩ ነው፤ እውነቱን ነው። ግን ማኅበሩ ያን ቀን በማን አፍ ተናገረ? ይህን ልለው ይገባ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ብቻዬን ስቀር መዝገቡን ከሳጥኑ አወጣሁ። ጀርባው ቀይ የሆነ ወፍራም መዝገብ ነው። ያን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ፤ የአያ አለባቸው አውራ ጣት ከሥር አለች። እንዳይጠፋኝ የክብሪት እንጨት ሸጎጥኩበት። ይኸን የምነግራችሁ ላነበው አስቤ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ምን እንደሚጠቅመኝ ግን አላውቅም።

ስብሰባው የተደረገው በምግብ አዳራሹ ነው። ያ ካኪ ለባሽ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ሽፈራው፣ እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥን። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር አደረግኩት። አያ አለባቸው መሐል ላይ ቆሙ። ሽፈራው ክሱን ማንበብ ጀመረ።

"ጓድ አለባቸው! ትናንት ፊሽካ በመንፋት ሠላሳ ሠራተኛ ሥራ አስፈትተሃል፤ የአብዮቱን እንግዶች መልሰሃል..."

አንተ አላቸው። ልጃቸው ሊሆን የሚችል፣ በጽዋው ቀን ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን የሚስም ሰው አንተ አላቸው። አዳራሹ ውስጥ ያለን ሁሉ ሰማን፤ ማንም ቀና አላለም።

ከዚያ ሂስ ተባለ። ምን ዓይነት ሂስ! አንዱ ተነሥቶ "ሁልጊዜም ከአካፋ ሲሸሽ ነው የማውቀው" አለ። ሌላው ተከተለና "እኔማ ድሮም ጠርጥሬዋለሁ" አለ። ይኼኛው ባለፈው ክረምት ፊሽካ ሰምቶ ሲሮጥ የቆመበት ቦታ ከኋላው በናዳ የተዋጠ ሰው ነው። እኔ ነኝ አቧራውን ያራገፍኩለት። ሽፈራው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያለ ሰውን ያሟሙቃል። እኛ ያሰርነው ግን አንበሳ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ነው።

የሚናገር ሲጠፋ አያ አለባቸው እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ብዙ ነገር አላውቅ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ያኔ ሁላችን ሆነን ያጻፍነውን ቃል አዳነ ልጄ ያንብብላችሁ። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈረዳችሁ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ነው፤ የክብሪቷን ጫፍ በጣቴ እየዳሰስኳት ነው። ማድረግ የነበረብኝ መክፈት ብቻ ነው፤ ሦስት መስመር ናት። ከግድግዳው በኩል ካኪ ለባሹ እግሩን አነባበረ። ይኼው ነው ያደረገው፤ እግሩን አነባበረ።

"ጓድ ጸሐፊ" አለ ሽፈራው ወደ እኔ ሳያይ፣ "እንዲህ ያለ ውሳኔ አለ?"

"መዝገቡን ግምጃ ቤት ትቼዋለሁ" አልኩ። "እንዲህ ያለ ነገርም አላስታውስም።"

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። ከራሴ ጨመርኳት። እስከ ዛሬ ሳስባት አፌ ውስጥ አንዳች ነገር ይመርረኛል።

አያ አለባቸው ተራራውን እንደሚያዩት አድርገው አዩኝ፤ ረጅም፣ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው። ከዚያ ተቀመጡ።

"ጓድ አለባቸው ከማኅበሩና ከሥራ እንዲሰናበት፣ የካምፑንም ቤት በሳምንት ውስጥ እንዲለቅ የምትደግፉ?"

እጅ ሁሉ ወጣ። የሾፌራችን የሰይድም ወጣ፣ የእኔም ወጣ። ሠላሳ እጅ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ለዐይን ያምር ነበር። ብጣሽ ወረቀት ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሰይድ የጭነት መኪናውን ይዞ ቀድሞን ወደ መንገዱ ወርዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እያጮኸው ተመለሰና ግቢው መሐል አቆመው።

"ወርዷል!" አለ ከመሪው ሳይነሣ። "ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ፤ አንድ ገበሬ ከማዶ ሆኖ አይቶታል። እናንተ እጃችሁን ስታወጡ መሆኑ ነው።"

ተሳፍረን ሄድን። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ከግድግዳው እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ቤት ቤት የሚያክል ድንጋይና ጥቁር ጭቃ። ሰኞ የጣልናቸው ዶማዎች የሉም፤ የጣልንበት ቦታም የለም። ውሳኔያችን በአንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት እዚያው ነበርን፤ ፊሽካ የሚነፋ ሳይኖር። ሰይድ ብቻ፦

"ሰውየው ልክ ነበሩ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ" አለና ከእኛ ሁሉ ፊት ተለይቶ መኪናውን አዙሮ ወደ ደባርቅ ሄደ። ቀጥታ ቤታቸው ገብቶ እግራቸው ላይ እንደወደቀ በኋላ ሰማሁ። ሰይድ ጽዋ የለውም፣ የሚካኤልን ዳቦ ከእኛ ጋር ቆርሶ አያውቅም። እግራቸው ላይ የወደቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

እኛ በእግራችን ስንመለስ ሽፈራው ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ጻፍ" አለኝ። "'በማኅበሩ ነቅቶ ጠባቂነት በሠራተኛው ሕይወት ላይ ምንም ጉዳት ሳይደርስ' ብለህ ጻፍ። ዛሬውኑ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።"

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

"እንግዲያ አያ አለባቸውን እንመልሳቸዋ" አልኩ።

"በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነው፣ አዳነ። እኔ ብቻዬን ልሽረው? ደንብ እኮ ነው!"

ደንብ! ሦስቷን መስመር እንደ ገለባ ነፍተን ስናበቃ ደንብ ትዝ አለው። ግን ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩና ማኅተም አደረግኩበት።

የሐምሌ ሚካኤል በዚያው ሳምንት መጨረሻ ዋለ። ተረኛው ደጋሽ ማን መሰላችሁ? አያ አለባቸው ናቸው። ጽዋውን ከወሰዱ ወር ሆኗቸዋል። እንደማይደግሱ ሁላችንም በልባችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ከሥራ የተባረረ፣ ከቤቱ ውጣ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይደግሳል? ዋዜማው ላይ ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል በየቤታችን ዞሩ።

"ነገ ጽዋው እኛ ዘንድ ነው፤ እንዳትቀሩ ብሏል። 'የሚካኤልን ሳላሳልፍ ቤቱን አለቅም' ብሎ ነው የቆየነው" አሉኝ ከደጄ ላይ። ይግቡ ብላቸው አልገቡም።

ሄድን። አንድም የቀረ የለም። ሽፈራው እንኳ በጓሮ በኩል ጋቢውን ተከናንቦ ከች አለ። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ዕቃው በገመድ ታስሮ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ እኛ የተቀመጥነው ከጎረቤት በተዋሱት አግዳሚ ላይ ነው። ቄሱ መምሬ ታከለ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። አያ አለባቸው እንደ ደጋሽ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ቆመው ያስተናግዱናል።

"ብሉ እንጂ፣ ምነው? ወጡ አልጣማችሁም?"

በላን። እያንዳንዳችን ቀና ሳንል በላን። ያ "ድሮም ጠርጥሬዋለሁ" ያለው ሰው አጥንት ይግጣል። ሽፈራው ድልህ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ እትዬ ይመኙሻል አመጡለት። እኔም ጉርሻዬን በጠላ እየገፋሁ እውጣለሁ። ሳይበሉ መቀመጥ ስድብ ነው፤ መብላት ደግሞ ከስድብም የከፋ ነበር። ውሻ እንኳ ለበላበት ይጮኻል፤ እኛ በላን እንጂ አልጮኽንም።

ተበልቶ ሲያበቃ መምሬ ታከለ መስቀላቸውን አንሥተው ጠየቁ።

"እንግዲህ የተቀያየማችሁ ካላችሁ በሊቀ መላእክት ፊት ተናገሩ።"

"ሰላም ነው፣ አባ" አለ ሽፈራው ፈጥኖ።

"ሰላም ነው፣ ሰላም ነው" አለ ቤቱ። በሙሉ ድምፅ።

መምሬ ደጋሹን አዩ። "አለባቸው፣ አንተስ?"

"በእኔ በኩል ቂም የለም፣ አባ" አሉና ጽዋውን በሻሽ እንደተሸፈነ አንሥተው ወደ ቀጣዩ ተረኛ መጡ። ቀጣዩ ተረኛ እኔ ነበርኩ።

ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም። ጽዋው መሐላችን ቆመ።

"መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ነበር" አልኩ።

"ምን አልክ ልጄ?" አሉ መምሬ።

"ማክሰኞ ዕለት ስብሰባው ላይ። አንብብ ሲሉኝ ግምጃ ቤት ነው አልኩ። ጉልበቴ ላይ ነበር። ገጹም ምልክት ነበረው። የተጻፈውን አውቀዋለሁ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት።"

አግዳሚው ላይ ሰው ተንቀሳቀሰ። አንዱ "ይኼ የጽዋ ቦታ ነው፣ የሥራ ነገር አይነሣበትም" ብሎ አጉረመረመ። ሽፈራው "ጠላው ነው የሚያናግረው" አለ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

አያ አለባቸው ጽዋውን እንደያዙ ናቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ከጠረጴዛው ሥር ቀይ ጀርባው ይታየኝ ነበር። ክብሪቷንም አይቻለሁ። ዐይኔ እኮ ከሩቅ ለማየት የተቀጠረ ነው።"

"ካዩ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምን 'ይኸውና ይዞታል' አላሉም?"

"ብዬስ? ቀምቼህ ምን ላደርገው? እኔ ማንበብ አልችል። ያን ቃል ላነብ የምችለው በአንተ አፍ ነበር።" ጽዋውን ጠጋ አደረጉልኝ። "ያኔ ያልኩህን ረሳኸው? እኔ ተራራውን አይቼላችኋለሁ፣ ልጄ።"

ጽዋውን እጄ ላይ አስቀመጡና "ወሩን ያድርስህ" አሉኝ፤ ደንቡ የሚለውን። እትዬ ይመኙሻል ወደ ግድግዳው ዞረው በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ።

ሰኞ ዕለት ዕቃቸውን የጫነላቸው ሰይድ ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ በጭነት መኪናው መንገዱ እስከሚያበቃበት አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ ጃናሞራ፣ እህታቸው ዘንድ፣ በበቅሎ ነው። በእሳቸው ምትክ ሌላ ናዳ ጠባቂ ሊሾም ሲባል ማንም እሺ ያለ የለም። ቢነፋ ይከሰሳል፤ ባይነፋ ይቀብራል። በመጨረሻ ፊሽካዋ ግምጃ ቤት ገባች፤ እኔው ነኝ የተረከብኳት።

በማግሥቱ ከጸሐፊነት ለቀቅኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልለቀቅኩም። ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ቦት ጫማዬን አድርጌ፣ ስታመም ደመወዜን እየበላሁ። ጃናሞራ ሄጄም አልጠየቅኳቸው፤ በየበጋው እሄዳለሁ እላለሁ፣ በየክረምቱ መንገዱን አመካኛለሁ። ሥራውን ስለቅ ያቺን ገጽ ከመዝገቡ ቆርጬ ወሰድኩ። ዛሬም ከእኔ ዘንድ ናት፤ ክብሪቷ ጠፍታለች፣ የአውራ ጣታቸው ቀለም ግን አልለቀቀም።

አሁን የእህቴ ልጅ አንድ ፋብሪካ ተቀጥራለች። የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነውና "ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። ግቢ አልኳት። እናንተም ብትጠይቁኝ ግቡ እላችኋለሁ። ካቦ ብቻውን ሲነግሥ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ለጠላቴም አልመኘው። ነገር ግን ካቦው ሲበድላችሁ ለማኅበሩ ትከሳላችሁ፤ ማኅበሩ ራሱ ካቦ ሲሆን ለማን ትከሳላችሁ? ይኼን ሳትጠይቁ አትግቡ። መዝገቡ ማን እጅ እንዳለም ጠይቁ። ያ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ እኔ ራሴን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሦስቷን መስመር ዛሬ በቃሌ እወጣታለሁ፤ ናዳ ጠባቂ አካፋ አይነካም፣ ፊሽካ ሲነፋ ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ያቆማል፣ ፊሽካ የነፋ ጠባቂ ስለ መንፋቱ አይጠየቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንብብ ያለኝ ሰው የለም።